የመርሳን ሙቀት የተማረ እጅ

መርሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢብቲሳም፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሻል? የዚያ አገር ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። መርሳም ደኅና ናት፤ ማሽላው እሸት ሆኗል፣ የመስኖ ሽንኩርቱም ተተክሏል፣ ሙቀቱም እንደምታውቂው ነው፤ ወይም አታውቂውም።

አታውቂውም ያልሁት፣ አንቺን ያየሁሽ ገና በእናትሽ ጀርባ ታዝለሽ ሳለሽ ስለሆነ ነው። እኔ የእናትሽ የዘይነባ የአጎት ልጅ ኢስሐቅ ነኝ። ፊደሎቼ መስመር ለቀው ቢሄዱ አትፍረጂባቸው፤ የምጽፈው በግራዬ ነው። ልጄ ነሲባ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነርስነት ትማራለች፤ ቤት ስትመጣ ደብዳቤውን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ስለዚህ መልሴ ቢዘገይ እሷን ስጠብቅ ነው።

የቀኝ እጄን ነገር እናትሽ ሳትነግርሽ አትቀርም። ከሦስት ዓመት በፊት የመስኖውን ፓምፕ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቺንጊያ ሾልኮ፣ እሱን ልመልስ ስል ሞተሩ ተነሣና እጄን ከአንጓዬ በላይ ወሰደው። ነፍሴን ግን ተወልኝ፤ ሹክር ነው። ሥራውስ ግድ የለም፣ በግራዬ ሽንኩርት መትከል ለምጃለሁ። የከበደኝ ሰው ነው። ሰላም ሊለኝ እጁን የሚዘረጋው ሰው መሃል ላይ ትዝ ይለውና ይሰበስበዋል፤ እሱም ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ። ከሰው ጋር በአንድ ትሪ ቀርቦ በግራ እጅ መጉረስ ነውር ነውና፣ ድግስ በተጠራሁ ቁጥር «ሆዴን አሞኛል» እያልሁ እቀራለሁ። የመርሳ ሰው የሆድ በሽተኛ አድርጎ ይዞኛል።

አሁን ደግሞ የነሲባ ኒካሕ ቀርቧል። ለሐራው ነጋዴ ለኡበይደላ ልጅ ለዓሪፍ ቃል ሰጥተናል፤ ከአረፋ በኋላ ይታሰራል። በእኛ ዘንድ አባት የሙሽራውን ቀኝ እጅ በቀኝ እጁ ጨብጦ፣ ሸኹ እያስባሉት፣ «ልጄን ለአንተ ድሬያለሁ» ይላል። ወንድሜ አብዱልሐሊም «ወኪል ሆኜ እኔ ልጨብጥልህ» አለኝ። ሸኹም «በሸሪዓ ምንም ነውር የለበትም፣ አብሽር» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ሴት ልጄ አንድ እሷ ብቻ ናትና በራሴ እጅ ልሰጣት እፈልጋለሁ። ከዚህ ሌላ አሁን የምመኘው ነገር የለኝም።

እናትሽ፣ አንቺ በምትሠሪበት ቤት ሐሳብ የሚሰማ እጅ እንደሚሠራና አንዱን ልትልኪልኝ እንዳሰብሽ ነገረችኝ። ደሴ ላይ ከዚህ በፊት አንድ የፕላስቲክ እጅ ሰጥተውኝ ነበር፤ ለመልክ ካልሆነ በቀር ዝንብ አያባርርም፣ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ያንቺው ይለያል ትላለች። እስቲ አስረጂኝ፤ እዚያ በረዶ አገር የተሠራ እጅ፣ እኔ መርሳ ሆኜ ያሰብሁትን በምን ያውቃል?

አላህ ሥራሽን ያግራልሽ፤ የምትረግጪውን መሬት ደልዳላ ያድርግልሽ።

አጎትሽ ኢስሐቅ


ትሮንድሄይም፣ ኖርዌይ፤ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ኢስሐቅ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አነበብሁት። «ሆዴን አሞኛል» የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ጎኔ የተቀመጡት ኖርዌጂያኖች ሁለቱንም እንዳላዩ ሆኑልኝ። የእጅ ጽሕፈትዎ ደግሞ አትፍረጂ ስላሉኝ ሳይሆን እውነቴን ነው፣ በቀኜ ከምጽፈው ይሻላል።

በምን ያውቃል ላሉት ልሞክር። ጣቶችዎን ለመጨበጥ ሲያስቡ፣ ጣቶቹ ባይኖሩም፣ ክንድዎ ላይ የቀረው ጡንቻ ይኮማተራል። ሲኮማተር እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወጣዋል፤ እጁ የሚሰማው እሷን ነው። ችግሩ የአንዱ ሰው ጡንቻ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው። የተለመደው ዓይነት እጅ ሰውየው እስኪለምደው ድረስ ወራት ያስለፋዋል። የእኛው ግን ራሱ ሰውየውን ይለምዳል።

እንዴት ቢሉኝ፣ ውስጡ ያለው ቺፕ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ አይደለም። እልፍ ትናንሽ ክፍሎች አሉት፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ ግን አልተቆረጠለትም። ግንኙነቱን ራሱ ያፈርሳል፣ ራሱ መልሶ ይሠራል፤ ሽቦ የሚቀጥልለት ሰው የለም። በምን ዓይነት ቢያያዙ እንደሚሻል እኛም አናውቅም። ስለዚህ እርስዎ በማሽላ ላይ የሚያደርጉትን እናደርጋለን። ዘር ሲመርጡ ማሳውን ዞረው ራሱ የሞላውን፣ ድርቁን የቻለውን ይለያሉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እሱን ይዘራሉ። ማሽላው ውስጥ ምን እንደተደረገ ባያዩም፣ ዓመት በዓመት መሬትዎን እየመሰለ ይሄዳል። ቺፑም መጀመሪያ ክፍሎቹን እንዳገኘ ያያይዛል፤ አብዛኛው አይረባም። ደኅና የሚሠሩትን እንይዛለን፣ እርስ በርስ እናዳቅላቸዋለን፣ እዚህም እዚያም ጥቂት እንለውጣለን፣ እንደገና እንፈትናቸዋለን። ከብዙ ትውልድ በኋላ ማንም ያልነደፈው አሠራር ይወጣል። ፕሮፌሰራችን ዕድሜ ልኩን የኤሌክትሪክ መሥመር የነደፈ ሰው ነው፤ አንዳንዱን አሠራር ከፍቶ ሲያየው «በምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ ግን ይሠራል» ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ዝም ይላል። እኔ ይህን ትምህርት የመረጥሁት ያንን ዝምታ ካየሁ በኋላ ነው።

እርስዎ የሚጠበቅብዎት አንድ ነገር ነው። ከክርንዎ በታች ሁለት ቁልፎች አሉ። እጁ ያሰቡትን ካደረገ አረንጓዴውን ይጫኑ፤ ካላደረገ ቀዩን። ቀይ ሲጫኑበት ያንን አሠራር ይጥልና ሌላ ይሞክራል። ዘሩን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። እጁን ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ባልደረባዬ ሰጥቼዋለሁ፤ እናቴ ተቀብላ ደሴ ታደርስልዎታለች፣ እዚያ ገነት የምትባል ባለሙያ በልክዎ ታስርልዎታለች። ከላቦራቶሪያችን ውጭ ሲወጣ የመጀመሪያው እጅ ነው።

ለነሲባ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ጤናና ደስታ ከቤትዎ አይጥፋ።

ልጅዎ ኢብቲሳም


መርሳ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለኢብቲሳም፤

አሰላሙ ዐለይኪ። አንቺን ያሳደገች እናት ትባረክ! እጁ ደረሰ። ደሴ ሄጄ ገነት የምትባለው ልጅ አሰረችልኝ። ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ «እስቲ አሁን መጨበጥ ያስቡ» አለችኝ። አሰብሁ። ወላሂ፣ ጨበጠ! ልክፈት ብዬ አሰብሁ፤ ከፈተ። ገነት ብርጭቆ ውኃ ሰጠችኝና በቀኜ ይዤ ጠጣሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ በቀኜ! ውኃውን እስከ ጠብታው ጨረስሁት፤ ልጅቷም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ደሴ ጭጋግ ነበረች፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔ ግን ኮቴን ረስቼው ወጣሁ።

መርሳ ከገባሁ ወዲህም አላህ ይመስገን እጁ ደኅና ነው። ሁሉ ነገር መልካም ነው። ምንም አይልም። አረንጓዴውን እየተጫንሁለት ነው፤ ለድካምሽ ያንስበታል እንጂ አይበዛበትም። የመርሳ ሰው በየተራ መጥቶ አይቶታል፣ ያላየው የለም፤ ወደ ሐራ ግን ወሬው እንዳይሄድ አስጠንቅቄያለሁ፣ ኡበይደላና ልጁ በኒካሑ ቀን ነው የሚያዩት።

አንድ ነገር፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው እንጂ ችግር ኖሮ አይደለም፤ ቀትር ላይ ጥላ ይወዳል ወይ? ከውኃ እንስራው ጎን ሳሳርፈው ደስ የሚለው መሰለኝ። ያው እንግዳ ነውና ጠባዩን ልወቅለት ብዬ ነው።

ረመዳንም እየመጣ ነው፤ በሰላም ያድርሰን። ዱዓዬ ካንቺ ጋር ነው።

አጎትሽ ኢስሐቅ


ትሮንድሄይም፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። የብርጭቆዋን ነገር ለባልደረቦቼ ሁሉ ተርጉሜ አነበብሁላቸው። አንዱ ተነሥቶ ወጣ፤ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ገብቶበት ነው አለ።

አሁን ግን ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነሲባ ቤት በመጣች ቁጥር የእጁ ፍርድ በስልኳ በኩል እዚህ ይደርሰናል፤ ስንት አረንጓዴ፣ ስንት ቀይ የሚለው። የእርስዎን አየሁት። አንድም ቀይ የለም። እዚህ የሚሞክሩት ሰዎች ቀዩን ሲቀጠቅጡት ነው የሚውሉት። ስለዚህ ወይ እርስዎ ዘንድ ያለው እጅ በዓለም ላይ ከተሠሩት ሁሉ ፍጹሙ ነው፣ ወይም ደግሞ አጎቴ ወሎዬ ናቸው። እኔ ሁለተኛውን አምኛለሁ።

ይሉኝታውን አውቀዋለሁ፣ እኔም በሱ ነው ያደግሁት። እናቴ ጎረቤት የሠራውን ጨው የበዛበት ወጥ «እንዴት ይጥማል!» ብላ አስጨምራ በልታ፣ ቤት ስትገባ ውኃ በጆግ ስትጠጣ አይቻለሁ። እጁ ግን ጎረቤት አይደለም፤ አይቀየምም። አረንጓዴ በተጫኑለት ቁጥር «የሚፈለገው ይኸው ነው» ብሎ ያንኑ ስሕተት ያጸናዋል። እያመሰገኑ እያበላሹት ነው፣ አጎቴ።

የጥላው ጥያቄም ገብቶኛል። እጁን ያሳደግነው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ማንም ሳያዝዘው ብርዱንም ከአሠራሩ አንዱ አድርጎ ተማረው። ደሴም ብርድ ናትና እዚያ ሠራ። መርሳ ቀትር ላይ ቺፑ ሲሞቅ ያ አሠራር ይዛባል። ጥፋቱ የእኛ ነው እንጂ የእርስዎም የእጁም አይደለም። ግን እኮ ራሱን መልሶ ሊሠራ ይችላል! እዚያው ሙቀቱ ውስጥ፣ እርስዎ ክንድ ላይ ሆኖ። እውነቱን የሚነግረው ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

እባክዎ፣ እጁ በእውነት እንዴት ነው? አረፋ ሩቅ አይደለም።

የሚወድዎ ልጅዎ ኢብቲሳም


ትሮንድሄይም፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ ኢስሐቅ፤

ኢድ ሙባረክ። አላህ ጾምዎን ይቀበልልዎ።

ረመዳን ሙሉ ዝም አሉኝ። ነሲባን ብጠይቃት «አባ ደኅና ናቸው» ትለኛለች እንጂ ሌላ አትጨምርም። ከእጁም የሚደርሰኝ ነገር ቀርቷል። ምናልባት ያለፈው ደብዳቤዬ ከልክ አልፎ ይሆናል፤ ለታላቅ እንዲህ አይጻፍም። እናቴ ብታየው ትቆጣኝ ነበር። ቢፈልጉ እጁን አውልቀው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት፣ አልቀየምም። ድምፅዎን ብቻ ያሰሙኝ።

ኢብቲሳም


መርሳ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢብቲሳም፤

ወዐለይኪ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አልተቀየምሁም። እኔ ሳፍር ነው ዝም የምለው። ነሲባም ለፈተናዋ ወልድያ ከረመች።

እውነቱን ልንገርሽ። እጁ ደሴ ላይ መልአክ ነበር፤ መርሳ ሲገባ ሌላ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ይታዘዛል። ፀሐይ ስትወጣ ይሰክራል። ክፈት ስለው ይጨብጣል፣ ጨብጥ ስለው አውራ ጣቱን ብቻ ያነሣል። ውርጌሳ ለቅሶ ሄጄ አንድ የተከበሩ ሸኽ እጃቸውን ሰጡኝ፤ የኔው እጃቸውን ትቶ የጀለቢያቸውን እጅጌ ይዞ እምቢ አለ። ዱዓው ተጀምሮ እስኪያልቅ ጎን ለጎን እንደተጣበቅን ቆየን። ሰው ኀዘን የጸናብኝ መስሎት «ሰብር አድርግ» እያለ ያጽናናኛል። ሸኹ ቀስ ብለው «ኢስሐቅ፣ ምን ሆነ?» ቢሉኝ «ወድዶዎት ነው» አልኋቸው። ከዚያም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አረንጓዴውን ተጫንሁ።

ለምን እንደተጫንሁ ልንገርሽ። እናትሽ እጁን ደሴ ስታደርስልኝ «ልጄ የምትመረቀው በዚህ እጅ ነው» ብላኝ ነበር። እኔ ቁልፎቹ ላንቺ ማርክ የሚሰጥባቸው መሰሉኝ። ቀይ በተጫንሁ ቁጥር አስተማሪሽ «ወደቀች» የሚልሽ መሰለኝ። ለማታውቀው ዘመዷ ብላ ከዚያ ሁሉ አገር እጅ የላከች ልጅ፣ እኔ በግራ አውራ ጣቴ ልጥላት? ስለዚህ አረንጓዴ፣ አሁንም አረንጓዴ! እጁ ሲብስበት ጊዜ ፈርቼ አወለቅሁት፤ ነሲባ ስትጠይቀኝም «ደኅና ነው በያት» አልኋት።

ከኢድ በኋላ ሁለቱንም ደብዳቤዎችሽን አንድ ላይ አነበብኋቸው። «እያመሰገኑ እያበላሹት ነው» ያልሽው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እጁን አሰርሁት፣ ማንጎው ሥር ቀትር ላይ ተቀመጥሁ፣ ነሲባ ቲማቲም በሳህን ይዛ ፊቴ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ቲማቲም አፈረጠው፤ ልብሴ ሁሉ ቀላ። ቁልፉን ከመጫኔ በፊት «ዐፍወን፣ ይቅርታ» አልሁት፤ ነሲባ ሳቀች። ቀዩን ተጫንሁ።

ኢብቲሳም፣ ያየሁትን ብታይው! ቀይ በተጫንሁ ቁጥር ጣቶቹ ጥቂት ይንቀጠቀጣሉ፤ ውስጡ ሲያፈርስና ሲሠራ ነው መሰለኝ። ከዚያ ያላሰብሁትን ሌላ ነገር ያመጣል። አንዱ ከአንዱ የባሰ ነበር። አንዴ ሳህኑን ገፋው፣ አንዴ ጢሜን ያዘው። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርሁ ወዲያ ጣመኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያልተናገርሁትን እምቢታ ሁሉ እሱ ላይ አወጣሁት። ከቀናት በኋላ አንዲት ቲማቲም ሳትፈርጥ እጁ ውስጥ ተቀመጠች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እጁ ግን ጸጥ ብሏል። አረንጓዴ ስጫን የመጀመሪያው እውነተኛ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ እንቁላል ያዘ፤ ከዚያ የሽንኩርት ችግኝ ሥሩ ሳይበጠስ ይዞ ተከለ። የሙቀቱ ሰዓት ሲመጣ አሁን ለጊዜው ዝግ ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ያስተካክልና ይመለሳል። እኔ ምንም ሳልነግረው!

ሱብሓነላህ። ማሽላ መርሳን ለመምሰል ስንት ዓመት ፈጀበት፤ ይህ በአንድ ሚያዝያ ተማረው። ሰው አእምሮው እንዲህ ያለ ነገር እንዲያስብ የፈቀደ ጌታ ምስጋና ይድረሰው፤ ያንን ያሰቡትንም እጃቸውን አይንሣቸው።

አሁን የዓሪፍን እጅ መጨበጥ እችላለሁ። በየቀኑ እለማመዳለሁ።

አጎትሽ ኢስሐቅ


ትሮንድሄይም፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልነግርዎትም። በመጀመሪያ፣ እኔ በእርስዎ አረንጓዴ አልመረቅም፤ ቀዮቹ ናቸው ለሥራችን የጠቀሙን። ፕሮፌሰሬ «እኚህ ሰውዬ ከኛ ሞካሪዎች ሁሉ ጨካኝ ናቸው» ብሏል፤ ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

እርስዎ ክንድ ላይ ያደገውን፣ በነሲባ ስልክ የደረሰንን አሠራር እዚህ ባለው መንትያ ቺፕ ላይ ጫንነው። በዚህ ብርድ መጀመሪያ ዝም አለን። ከዚያ ክፍሉን እንደ መርሳ ቀትር አሞቅነው፤ ኖርዌጂያኖቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው በካናቴራ ሲሠሩ ዋሉ። ሲሞቅለት ጊዜ ነቃ። አጎቴ፣ ይህን ያህል የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ቺፑ ጥግ ላይ ከምንም ጋር ያልተያያዙ ጥቂት ክፍሎች አሉ። ትርፍ ናቸው ብለን አጠፋናቸው፤ ቺፑ ቆመ። መለስናቸው፤ ሠራ። ሽቦ አይነካቸውም፣ ግን ያለ እነሱ አይሆንም። ምናልባት ሙቀቱን እየለኩ ለጎረቤታቸው የሚያሳብቁት እነሱ ይሆናሉ፤ ይህ ግምት ነው። ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን አየነው። እኛ ሠራነው ለማለት አንችልም፤ ያደገው እርስዎ ማንጎ ሥር ነው።

ለኒካሑ መምጣት አልችልም፣ ያሳዝነኛል። ለነሲባ ምን ልላክልሽ ብላት «አንቺ ያልሽው» ብቻ ብላ መለሰችልኝ። ቀለሙን እንኳ አልመረጠችም። እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን ትወዳለች?

ደስታዎን አላህ ሙሉ ያድርገው።

ልጅዎ ኢብቲሳም


መርሳ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢብቲሳም፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ምን ትወዳለች ብለሽ ጠየቅሽኝ። መልሱን ልጽፍ ብዕር አነሣሁና እንደማላውቀው ገባኝ።

ነሲባ ቤት ስትመጣ ኒካሑን አብረን እንለማመድ ነበር። እሷ በዓሪፍ ቦታ ትቀመጣለች፤ እኔ እጇን በአዲሱ እጄ ጨብጬ «ልጄን ለአንተ ድሬያለሁ» እላለሁ፤ እሷ ድምፅዋን አወፍራ «ተቀብያለሁ» ትላለች። እንስቅ ነበር። ደብዳቤሽ በደረሰ ሳምንት ግን «ተቀብያለሁ» ስትል ድምፅዋ አልወፈረም። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷን ወደ ማንጎው አዙራለች።

«ደክሞሽ ነው?» አልኋት።

«አይ፣ አባ።»

«ኒካሑ ከብዶሻል?»

«እሺ ብያለሁ እኮ፣ አባ።»

ይህችን «እሺ» አወቅኋት። ውርጌሳ ላይ የሸኹ እጅጌ ተይዞ ሳለ የተጫንኋት አረንጓዴ ናት። «ልጄ» አልኋት፣ «እኔ ክረምት ከበጋ ሰው እንዳይከፋው ብዬ ስዋሽ ምን እንደደረሰብኝ ተቀምጠሽ አይተሻል። ላንቺም እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም። እምቢ ካለሽ እምቢ በይ፤ አልቆጣም።»

ከማንጎው የወደቀ ቅጠል አነሣች። ከዚያ «ዓሪፍን አልጠላሁትም» አለች። «ግን አንድ ዓመት ይቀረኛል። ከኒካሑ በኋላ ትምህርቱን ትቼ ሐራ ሱቁ ላይ እንድቀመጥ ቤተሰቦቹ ተነጋግረዋል። እኔ መጨረስ እፈልጋለሁ፣ አባ። ሆስፒታል መሥራት እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርዎ ነበር። ከዚያ እጁ መጣ። አንቱ ለዚያ ቀን ብለው ቀትሩን ሁሉ ፀሐይ ላይ ሲለፉ፣ እኔ ቲማቲም እያቀበልሁ፣ እንዴት ብዬ አይሁን ልበል?»

ኢብቲሳም፣ ልቤ ተሰበረ። ለእሷ ብዬ የለፋሁበት እጅ አፏን ይዞባት ነበር።

ወንድሜ አብዱልሐሊም ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ቃል ሰጥተን! ከአረፋ በኋላ ሰው ተጠርቶ!» አለ። እውነቱን ነው፤ በእኛ አገር ከዚህ የሚከብድ ነገር ጥቂት ነው፤ እኔም ሰውን አይሆንም ብዬ አላውቅም። ሆኖም በማግስቱ በወልድያ አድርገን ሐራ ሄድን። የሐራን ቀትር አንቺ አታውቂውም፤ መርሳ ለሱ ጥላ ናት። ኡበይደላ ከሱቁ በራፍ ላይ ተነሥቶ ተቀበለን። እንደ ልማዱ እጁን ሊዘረጋ አለና ትዝ ብሎት ሊሰበስበው ሲል፣ እኔ ቀኜን ሰጠሁት። ለኒካሑ ቀን ያስቀመጥሁትን።

ደነገጠ። ከዚያ ያዘኝ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ አልጠበቀም፣ አልላላም። ሰው የሰውን እጅ እንደሚይዘው ያዘው። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያለ ሳይለቀኝ ወደ ውስጥ አስገብቶ አስቀመጠን። እኔም እጄ እጁ ውስጥ እንዳለ ነገሩን ነገርሁት።

«ኡበይደላ፣ ልጄ አሁን አልሆነላትም። ትምህርቷን ልጨርስ ትላለች። ለዓሪፍ ክፉ ቃል የላትም፤ ቀኑ ነው ያልተስማማት። ቢያስቀይምህ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልጠይቃት ነው ቃል የሰጠሁት።»

ፊቱ ጨለመ። አብዱልሐሊም መሬት መሬት ያያል። እኔ እጄን ይለቅቀዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ተቆጥቶ የሚወረውረው መሰለኝ። ኡበይደላ ግን ያዝ እንዳደረገኝ ቆየና «ልጅቷ ራሷ ናት ያለችህ?» አለኝ።

«ራሷ ናት።»

«እኔ ሦስት ልጅ ዳርሁ» አለ። «አንዷም እንዲህ አላለችኝ። ይላሉ ብዬም ጠይቄያቸው አላውቅም።» ከዚያ ዓሪፍን ጠርቶ ነገረው። ልጁ ቀላ፣ ጆሮውን ነካ ነካ አደረገ፤ «እኔም ጠይቄያት አላውቅም፤ እጠብቃታለሁ» አለ። ኡበይደላም «እንግዲያው ትጨርስ። ቤታችን ውስጥ ነርስ ብትኖር ማን ይጠላል?» አለ።

ከዚያ ወሬ ጀመረ። ስለ ማሽላው፣ ስለ ባቡሩ ሐዲድ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራኝ፤ ነሲባ ስትመረቅ መጀመሪያ ጉልበቴን ትየው አለ። የወሎ ሰው ወዳጁን ሲያወራው እጁን እንደማይለቅ ታውቂያለሽ፤ ሲስቅ ይነቀንቀዋል፣ ሲያዝን ይጫነዋል። የያዘው እጅ የተሠራ መሆኑን ረስቶታል። ወላሂ ረስቶታል! የእጄ ባትሪ መብራት ላልቅ ነው ብላ ስትጠቅስ አየኋት፤ ልቀቀኝ አላልሁትም።

ለነሲባ ስቴቶስኮፕ ላኪላት፤ ጠይቄያታለሁ፣ ሰማያዊ ነው የምትወደው። አላህ ካሰብሽው ያድርስሽ፣ ያላሰብሽውንም መልካም ይጨምርልሽ።

አጎትሽ ኢስሐቅ